ከአራተኛ ፎቅ እስከ አዲስ ዓለም

ከልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚነሣ የብስክሌት ጉዞ በቁልቁለት ይጀምራል። ቁልቁለቱ ደረጃ ነው። ሊፍት የለም፤ መታጠፊያው ጠባብ ነው፤ በየፎቁ የውሃ ጀሪካን ተደርድሯል። ብስክሌተኛው ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ፔዳሉ የሰው በር እንዳያንኳኳ እየተጠነቀቀ፣ ጎኑን ሰጥቶ ይወርዳል። ፔዳሉ ግን ያንኳኳል። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እናት በራቸውን ገርበብ አድርገው ብቅ ይላሉ።

«ምነው ልጄ፣ በዚህ ሌሊት ቤት ልትለቅ ነው እንዴ?»

«ኧረ አይደለም እትዬ፤ ስፖርት ልሠራ ነው።»

«እና ታዲያ ምን አሸከመህ? እሱ ይሸከምህ እንጂ!»

ለዚህ መልስ የለውም። ደግነቱ መልስ የሚጠብቅ የለም፤ በሩ ተዘግቷል።

ይህ የሚሆነው እሑድ ንጋት ላይ፣ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ወሩ ጥቅምት ቢሆን ይመረጣል። ክረምቱ ወጥቷል፣ አቧራው ገና አልተነሣም፣ ጤፉ አረንጓዴ፣ ኑጉ ቢጫ ነው። ክፋቱ ብርዱ ነው። አበው «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ለሚበርደው ሰው ነው። ቁልቁለት ላይ ነፋስ ደረቱን የሚሰነጥቀው ሰው አንድ አጥንት አይበቃውም።

ሁለተኛው ፈተና ልብስ ነው። የብስክሌት ቁምጣ ሰውዬው ላይ የተሰፋ ይመስል ይጣበቃል፤ መቀመጫው ላይ ደግሞ ስፖንጅ አለው። በዚያ ሰዓት በልደታ ማርያም በኩል ያለው መንገድ ነጠላ ባጣፉ ቅዳሴ ሂያጆች ነጭ ሆኗል። ስለዚህ ነገሩን የለመደ ብስክሌተኛ ከላይ ሰፋ ያለ ቱታ ይደርባል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ወርዶ ይሳለማል፤ ቱታውን የሚያወልቀው ጦር ኃይሎችን ካለፈ በኋላ ነው። ጀማሪው ግን በቁምጣው ይሳለምና እስከ ግንቦት ልደታ የሰፈር ወሬ ይሆናል።

ጉዞው የአምቦን መንገድ ይዞ አዲስ ዓለም ደርሶ መመለስ ነው። መሄጃው 55 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ደርሶ መልሱ 110 ገደማ ይሆናል። መኪና ላለው ሰው ይህ ምሳ በልቶ የሚመለስበት ርቀት ነው። በእግር ኃይል ሲሆን ግን ስሌቱ በኪሎ ሜትር አያልቅም፤ ከፍታ የሚባል ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በቱር ደ ፍራንስ ዝናው የገነነው የቱርማሌ አናት 2,115 ሜትር ነው። አውሮፓውያኑ ምላሳቸው ወጥቶ የሚደርሱበት፣ ሄሊኮፕተር የሚያንዣብብበት ያ ጫፍ፣ የልደታው ሰው ከተኛበት አልጋ በታች ነው ማለት ነው። አየሩም በዚያው ልክ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሰውየው ገና ቁርስ ሳይበላ ቱርማሌን ወጥቶ አድሯል፤ የሚያጨበጭብለት ግን አላገኘም።

ስለ ብስክሌቱ ደግሞ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ለረጅም መንገድ የሚመረጠው «ኮርስ» የሚባለው፣ ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘው ዓይነት ነው። የአካል ክፍሎቹ ስም ከሞላ ጎደል ጣሊያንኛ ነው፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ቸርኬ፣ ካቴና፣ ከመነዳሪ፣ ፓራፋንጎ። ጣሊያን ከሄደ ስንት ዘመኑ፣ ብስክሌቱ ግን አሁንም አፉን አልፈታም። አገርኛ ስም ካላቸው ጥቂቶች አንዱ ኮርቻው ነው፤ ከፈረስ የወረሰው። የሚያቆስለውም እሱ ነው።

ከልደታ እስከ ጦር ኃይሎች ያለው መንገድ ለመሞቂያ ያህል ነው። አካባቢው በከተማዋ ውስጥ ሜዳ ከሚባሉት ይመደባል፤ ለዚህም ማስረጃ አለው። ቦሌ ከመከፈቱ በፊት የከተማዋ አውሮፕላን የሚያርፈው ልደታ ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው ከዚያው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የተገኘውን ሜዳ አውሮፕላን ወሰደው፤ ለብስክሌት የተረፈው ሌላው ነው።

ከጦር ኃይሎች በቀለበት መንገዱ ወደ ሰሜን፣ በ18 ማዞሪያ አድርጎ ዊንጌት አደባባይ ይደረሳል። ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ነው። የሚኒባስ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ስንት ገዛኸው?» ይላል። ዋጋው ከተነገረው «ሞተር የለውም እንዴ?» ይላል። ሞተር እንደሌለው ሲያረጋግጥ ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ መልሶ ለተሳፋሪው ይነግራል፤ ተሳፋሪው በሙሉ ዞሮ ያያል። በዚያ ዋጋ አሮጌ ሞተር ሳይክል ይገዛ እንደነበር የማያሰላ ሰው በታክሲው ውስጥ የለም። ጋላቢዋ ሴት ከሆነች ደግሞ ከዋጋው ቀድሞ «ቤተሰብ የላትም?» ይመጣል።

ዊንጌት ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ጄኔራል ነውና እዚህ ላይ እንግሊዞችን ማንሳት አግባብ ነው። ረጅም የብስክሌት ጉዞን ወግና ማዕረግ ከሰጡት መካከል እነሱ አሉበት። የብስክሌት ተጓዦች ማኅበራቸው በ1878 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው፤ መኪና ሳይኖር በፊት አደገኛ ቁልቁለቶች አናት ላይ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ይተክል ነበር። ዛሬም 200 ኪሎ ሜትርን በ13 ሰዓት ተኩል ውስጥ ለመጨረስ ካርድ ይዘው የሚወጡ አሉ፤ በየመንደሩ ካርዱን ያስመታሉ፣ ሻይና ኬክ ይበላሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። የአገራቸው ረጅሙ ተራራ ስካፌል ፓይክ 978 ሜትር ነው። አጫጭር ኮረብታዎቻቸው ግን በቁጥር የበዙ፣ በጠባብ መንገድ ላይ ድንገት የሚቆሙ ናቸው፤ እግር እንደሚያስሩ የቀመሳቸው ሁሉ ይመሰክራል። የልደታው ብስክሌተኛ ካርድ የለውም። ማኅተሙ ማኪያቶ ነው፤ ማስጠንቀቂያውም የሚነገረው በቃል ነው።

በቃል ሲባል ቀልድ አይደለም። ከአስኮ ወደ ቡራዩ፣ ከቡራዩም ወደ ገፈርሳ መንገዱ ይነሣል። ዳገቱ አንገት የሚያስደፋ ዓይነት ሳይሆን የማያልቅ ዓይነት ነው፤ አንዱ እጥፋት ሲያልፍ ሌላው ከኋላው ቆሞ ይጠብቃል። ማርሹ ወደ መጨረሻው ወርዷል፣ ከዚያ በታች የለም። በዚህ ጊዜ ከመንገዱ ዳር «አይዞህ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ባለ ሱቁ «አይዞህ!» ይላል። እንጨት የተሸከመችው ሴት፣ ከእሱ በብዙ እጥፍ የከበደ ሸክም ጀርባዋ ላይ እያለ፣ ቀና ብላ «አይዞህ ወንድሜ» ትለዋለች። ቡራዩን ካለፉ በኋላ ቃሉ ኦሮምኛ ይሆንና «ጃባዹ!» ይባላል፤ ትርጉሙ ያው ነው፣ በርታ።

ይህ ቃል መጀመሪያ ያስደስታል። ሃያኛው ላይ ግን ማሳሰብ ይጀምራል። ሰው «አይዞህ» የሚባለው ለቅሶ ቤትና ሆስፒታል ነው፤ ይህን ያህል ሕዝብ አይዞህ የሚለው ፊቱ ምን ቢመስል ነው? ብስክሌተኛው ፊቱን ፈገግ ለማድረግ ይሞክራል። ያን ጊዜ ሃያ አንደኛው ሰው ጥርሱን አይቶ «ውይ፣ አይዞህ!» ይለዋል።

ለብስክሌተኛ አይዞህ ማለት አዲስ ነገር አይደለም፤ ተረስቶ የቆየ ነገር ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። የሄዱት ሯጮች ብቻ አልነበሩም፤ እነ ገረመው ደንቦባን የያዘ የብስክሌት ቡድንም ነበር። በጎዳናው ውድድር በቡድን ዘጠነኛ ወጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሄደ አገር ይህ ትንሽ ውጤት አይደለም። ችግሩ ከአራት ዓመት በኋላ የሆነው ነው። ሮም ላይም ኢትዮጵያውያን ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ነገር ግን እዚያው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸነፈ። በባዶ እግር ይህን ያህል ከተቻለ ጎማ ለምኔ? አገሩ በሙሉ ወደ ሩጫ ዞረ። ብስክሌት እንደገና በትልቅ መድረክ ስሟ እስኪነሣ ብዙ ዘመን አለፈ፤ በ2008 ዓ.ም. የመቐለው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የሰሜን ጎረቤታችን ቢኒያም ግርማይ ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. በዚያው ውድድር ሦስት ምዕራፎችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ዳር «ቢኒያም!» ብሎ መጣራት ተጀምሯል። ሲጠራ የሰማ ብስክሌተኛ ለሁለት መቶ ሜትር ያህል ይፈጥናል፤ ከዚያ ወደ ራሱ ይመለሳል።

ዳገትን ለማቅለል የታወቀ ዘዴ አለ። የጫነ አይሱዙ እያቃሰተ ሲወጣ ከኋላው ተለጥፎ መሄድ ነው። መኪናው ነፋሱን ይከፍላል፣ ብስክሌቱ በተከፈተው ይገባል፤ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንደሚባለው። ትርፉ ግልጽ ነው። ኪሳራው የሚታወቀው አናቱ ላይ ሲደረስ ነው፤ ሹፌሩ ማርሽ ይቀይርና ጥቁሩን ጭስ እንዳለ አፍ ውስጥ ይለቀዋል። የኮርስ ብስክሌት አሠልጣኞች ይህን አይመክሩም። የሚመከረውና የሚደረገው ግን አንድ ሆኖ አያውቅም።

ገፈርሳ ላይ ግድቡ አሳብ ያሳርፋል። ከፍታው 2,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ከተማዋ ለብዙ ዘመን ከዚህ ውሃ ጠጥታለች። ውሃው ቁልቁል ወደ ከተማ የሚወርድበትን አቅጣጫ ብስክሌተኛው ሽቅብ ወጥቶታል። ሁለቱም የሚቸገሩት ልደታ አራተኛ ፎቅ ላይ ለመውጣት ነው፤ ጀሪካኖቹ በደረጃው ላይ የተደረደሩትም ለዚሁ ነው።

ስንቅ የሚወጣው እዚህ ነው። ከውጭ የሚመጣ፣ በትንሽ ከረጢት የታሸገ፣ እንደ ማር የሚጨለጥ የስፖርት ምግብ አለ። ውድ ነው፣ ጣዕሙም የልጆች ሳል ሽሮፕ ይመስላል። ዐዋቂዎቹ በሶ ይዘው ይወጣሉ። ሁለት ማንኪያ በሶ፣ ስኳር፣ ቁንጥር ጨው፣ ውሃ፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደርጎ ከታች ወደ ላይ ይናጣል። ለግማሽ ሰዓት ካልተጠጣ ከታች ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ ለማውጣት ዱላ ያስፈልጋል። ነጋዴና ወታደር ዘመናቸውን ሙሉ በዚህ ተጉዘዋል፤ ማስታወቂያ ስላልተሠራለት ብቻ ነው ስፖርተኛ የሚያፍርበት።

ከገፈርሳ በኋላ በመናገሻ በኩል መንገዱ ይዋዥቃል፣ ከዚያም ወደ ሆለታ ይወርዳል። በግራ ወጨጫ እንደ ተኛ በሬ ይታያል። ልጆች ከየአጥሩ ይፈልቃሉ። ኮፍያ፣ ጥቁር መነጽርና ጠባብ ቁምጣ ያደረገን ሰው በአማርኛም በኦሮምኛም ሊያናግሩት አይሞክሩም፤ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ በባዶ እግራቸው ይከተሉታል። «እኔ እኮ የልደታ ልጅ ነኝ» ቢል «ፈረንጁ አማርኛ ይችላል!» ብለው ይብስባቸዋል። ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን ዳገት ላይ መቅደማቸው ነው። አንዱ ልጅ ደብተሩን በብብቱ እንደያዘ ለአንድ ኪሎ ሜትር ያህል እኩል ይሮጣል፣ ወሬ እያወራ። የአገሩ ስፖርት ለምን ሩጫ እንደሆነ በዚያች ደቂቃ ይገባል።

ሆለታ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት ከተማ ነው። ለብስክሌተኛ ግን ሆለታ ማለት ወተት ነው። ጾም ካልሆነ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተትና ፍርፍር በልቶ ይነሣል። ከጠገበ ደግሞ አዲስ ዓለም መሄዱን ይተወዋል፤ ስለዚህ ሳይጠግብ መነሣት ያዋጣል።

ሆለታን ለቆ አዲስ ዓለም ሲገባ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ሆኗል። ይህችን ከተማ አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ መዲና ሊያደርጓት ቆርጠው ነበር። አዲስ አበባ እንጨት አልቆባት፣ የሚነደድ ጠፍቶ ነበርና። ቤተ መንግሥት ተጀመረ፣ ከአዲስ አበባ የሚያመጣው መንገድ ተጠረገ። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ያስመጣትና ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያላት የእንፋሎት መዳመጫ ጉድ የተባለችበት ዘመን ነው። በዚህ መሐል ባሕር ዛፍ የሚባል ፈጥኖ አዳጊ ዛፍ አዲስ አበባን አለበሳት። መዲናዋ ባለችበት ቀረች፣ ቤተ መንግሥቱ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንግዲህ አዲስ ዓለም ድረስ ሄዶ፣ ጥቂት አርፎ፣ ሐሳብ ቀይሮ ወደ አዲስ አበባ መመለስን የጀመሩት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ብስክሌተኛው ማኪያቶውን ጠጥቶ ሲዞር ያንኑ ሥርዓት ይፈጽማል።

የመልሱ ጉዞ ሌላ ነው። ጠዋት ያልነበረ ነፋስ ተነሥቷል። ጠዋት እየተዝናኑ የወረዱት የሆለታ ቁልቁለት አሁን ፊቱን አዙሯል። ቱታው በወገብ ላይ ታስሮ ይከብዳል፤ ኮርቻው የአገርኛ ባሕርዩን ያሳያል። በዚህ ጊዜ አንድ አባት በቅሏቸውን እየነዱ ያጋጥማሉ።

«አባቴ፣ ዳገቱ ብዙ ነው የቀረው?»

«ኧረ ምን አለህ ልጄ፤ እዚህችው ናት።»

እዚህችው ናት የሚለው መለኪያ ከኪሎ ሜትር በፊት የነበረ ነው፤ ርቀትን ሳይሆን ርኅራኄን ይለካል። ድካሙ ፊት ላይ በታየ ቁጥር መንገዱ እያጠረ ይነገራል። «እዚህችው» የተባለችው ስትደረስ 9 ኪሎ ሜትር ሆናለች።

ጎማ የሚፈነዳው ሁልጊዜ ከመናገሻ እስከ አስኮ ባለው ነው። ይህ ሕግ አይደለም፣ ግን ሲጣስ አልታየም። ጎሚስታው ከመነዳሪውን ያወጣና ትንሽ ነፍቶ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ያዞረዋል፤ አረፋው ከየት እንደሚወጣ አይኑን ጠበብ አድርጎ ያያል። አገኘው። በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ እፍ እፍ ይላል፣ ቁራጭ ጎማ ይለጥፋል። እስከዚህ ድረስ ሊቅ ነው። ከዚያ ነፋስ ለመሙላት የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ይዞ ሲመጣ የከመነዳሪው አፍ እንደ ሲባጎ ቀጭን ሆኖ ያገኘዋል።

«ይሄ የምን አፍ ነው?»

«የኮርስ ነው።»

«ሞተር የሌለው?»

በመጨረሻ በእጅ መንፊያ ይሞላል፤ ጎሚስታው ሁለት መቶ ጊዜ ይቆጥራል፣ ብስክሌተኛውም አብሮ ይቆጥራል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት የተተረተው ለዚህ ጥገና ባይሆንም፣ ማስቲሹ ሳይደርቅ የተነሣ ሰው ከአስኮ በታች እንደገና ይወርዳል።

ከቡራዩ ወደ ከተማው መንገዱ ቁልቁለት ነው። ብስክሌቱ ያለ ፔዳል በሰዓት ከሃምሳ በላይ ይሄዳል። ጠዋት አይዞህ ያሉት ሰዎች ሁሉ እዚያው ቆመዋል፤ አሁን ግን ማንም አይዞህ አይልም። እናቶች «ቀስ! ቀስ!» ይላሉ፣ ባጃጆች ሳያዩ ይዞራሉ፣ አንድ በግ ሐሳቡን ቀይሮ መሐል መንገድ ላይ ይቆማል። አደጋው በሙሉ እዚህ ነው፤ ማበረታቻው በሙሉ ግን ዳገቱ ላይ አልቋል። ዳገት የሕዝብ ነው፣ ቁልቁለት የግል። ፍሬኑን በሁለት እጁ ጨብጦ የሚወርድ ሰው ብቻውን ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ልደታ ይደረሳል። የመጨረሻው ዳገት ከፊቱ አለ፤ አራት ፎቅ። እግሮቹ እንደ ላስቲክ ሆነዋል፣ ብስክሌቱ ትከሻው ላይ ወጥቷል፣ ፔዳሉ ያንኳኳል። ሁለተኛ ፎቅ ላይ በሩ ገርበብ ይላል። እናት ከላይ እስከ ታች ያዩታል፤ አቧራውን፣ ቁምጣውን፣ ትከሻውን።

«ተሸክመኸው ሄደህ ተሸክመኸው መጣህ? አይ የእናትህ ልጅ! ና እስቲ ቡና አለ።»

ብስክሌቱ በረንዳ ላይ፣ ከልብስ ማስጫው ሽቦ ሥር ይቆማል። እስከሚቀጥለው እሑድ ማንም አይነካውም። የብስክሌተኛው መሥሪያ ቤት ካዛንቺስ ነው፤ ከልደታ አምስት ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ በኮሪደር ልማቱም በከተማዋ ብዙ ቦታ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። ነገር ግን ሸሚዝ ይላባል፣ የግቢው ዘበኛ ብስክሌት አያስገባም፣ አለቃውም ቢያየው «ምነው፣ ኑሮ ከበደህ እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ሃያ ሦስተኛ ሆኖ ይቆማል።